ቁጥር 14 ላይ የተደራረቡት

አውሮፓ ውስጥ ባለ አንድ የሌዘር ላብ የናይትሮጅኑ ልኬት ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ሌዘሩ 800 ናኖሜትር፣ ፐልሱ 30 ፌምቶሰከንድ፣ በሰከንድ 1,000 ጊዜ። ሌዘሩ ከሞለኪውሎቹ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ቻርጅ የያዘው ቅሪት ወደ ዲቴክተሩ የሚበርበት ጊዜ ክብደቱ ለቻርጁ ሲካፈል ስንት እንደሆነ ይናገራል። ክርክሩ ሁሉ በዚህ ቁጥር 14 ላይ በቆመው ፒክ፣ ማለትም የቆጠራ ጉብታ፣ ነበር። ሞለኪውሉ ሳይሰበር ሁለት ኤሌክትሮን ከተነጠቀ ክብደቱ 28 ለ2 ሲካፈል 14 ነው፤ ተሰብሮ አንድ ቻርጅ የያዘ አቶም ከወጣም 14 ነው። ሁለቱም ዲቴክተሩ ጋ አብረው ይደርሳሉ።

ተማሪው ሁሉንም ስብርባሪ ብሎ መዘገበ። ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ ሞለኪውሉ ተርፎ ሳለ ተሰበረ ማለት ነው። ማስረጃ ሲጠየቅ ሁለቱም አቶሞቹ ናይትሮጅን 15፣ ከተራው 14 የሚከብደው ዓይነት፣ የሆኑ ጋዝ አሳዘዘ። ውዱ ጠርሙስ መጣ። ፒኩ ከ14 ተነሥቶ 15 ላይ አረፈ፣ እንደተደራረበ።

ቫኪዩሙን የሚይዙት አንጋፋ ቴክኒሻን፣ የአገሩ ሰው ናቸው፣ ስክሪኑን አይተው በአማርኛ «ልጄ፣ ሁለቱንም አቶም እኩል አክብደህ እንዴት ይለያዩልሃል? አንዱን ብቻ ነበር ማክበድ» አሉት።

«አንዱ ብቻ የከበደ ከየት ይመጣል፣ ጋሼ?»

«ከዚያ ከተራው ሲሊንደር።»

ልክ ናቸው። ከተፈጥሮ ናይትሮጅን ሞለኪውሎች 0.73 በመቶው አንድ 14 እና አንድ 15 አቶም የያዙ ናቸው። እነዚህ ሳይሰበሩ ሁለት ኤሌክትሮን ሲያጡ 14.5 ላይ ይወድቃሉ፤ እዚያ የሚያርፍ ነጠላ የናይትሮጅን አቶም የለም። የ14ቱ በረራ 4.00 ማይክሮሰከንድ ከሆነ የ14.5ቱ 4.07 ነው። 14.5 ላይ የተቆጠረውን በ136 ማባዛት 14 ላይ ያሉትን ያልተሰበሩ ይሰጣል።

አስቸጋሪው የስብርባሪዎቹ ፒክ ክንፍ፣ የተዘረጋው ጎኑ፣ ነው። በፍጥነት ስለሚፈነጠሩ ፒካቸው ይሰፋና 14.5ን ይሸፍናል። አብዛኞቹ የሚወጡት በሌዘሩ ፖላራይዜሽን (የብርሃኑ ንዝረት) አቅጣጫ ስለሆነ ይህን አቅጣጫ የሚያዞረውን ሀፍ ዌቭ ፕሌት 45 ዲግሪ አዙሮ ፖላራይዜሽኑን ከበረራው መስመር ጋር ቀጥ ማዕዘን ማድረግ ይበጃል፤ ያኔ ወደ ጎን ሄደው ወደ ዲቴክተሩ የሚያስገባውን ቀዳዳ ይስታሉ። ያልተሰበረው ግን የሚፈነጥረው ስለሌለ ያልፋል። በሰከንድ 100 ያልተሰበሩ ቢመዘገቡ 14.5 ላይ በሰዓት 2,600 ገደማ ይገኛል፤ ለ2 በመቶ ስሕተት ይበቃል።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ካጡት ሞለኪውሎች 29 ላይ የተቆጠሩትን 28 ላይ ለተቆጠሩት ማካፈል ግድ ነው። ከ0.73 በመቶ በላይ ከወጣ ዲቴክተሩ 28 ላይ ከአቅሙ በላይ ስለበዛበት ሁሉንም እየቆጠረ አይደለም፤ የጋዙ ግፊት ይቀነስ።

ፕሌቱ ዞረ፣ ክንፉ ወረደ። 14.5 ላይ ቀጭን ፒክ ቆመ። ተማሪው የሦስቱን ሳምንት ፋይሎች እንደገና ከፈተ፤ በሁሉም ውስጥ፣ ከክንፉ ሥር፣ ነበረ።