ጥናት ልጅ አያስተምርም?

«ምርምር ምን ፈየደልን?» የሚለው ክርክር መምህራን ማረፊያ ክፍላችንም ገብቷል። አንዱ ባልደረባዬ «ጥናት ልጅ አያስተምርም» ብሎ ቁርጥ አድርጎታል።

ግማሹ እውነት ነው። መምህሩ ለደረጃ እድገት ብሎ በገዛ ትምህርት ቤቱ ችግር ላይ የሚሠራውን «ተግባራዊ ምርምር» እናውቀዋለን። ርዕሱ ሁሌ የተማሪዎች ማርፈድ ነው፤ አንዱ ከሌላው ይገለብጣል። ሽፋኑ ላይ የእኛን፣ ውስጡ የሌላ ትምህርት ቤት ስም የያዘ ወረቀት ተፈርሞበት ፋይል ሲገባ አይቻለሁ።

ግን ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች የተደረገውን የንባብ ምዘና እንውሰድ። መዛኙ ልጁን ለብቻው ያስቀምጣል፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አጭር ጽሑፍ ይሰጠዋል፣ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ይቆጥራል። በቃ። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍቱ እንደገና የተዘጋጁት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔም ክፍሌ ውስጥ ሞከርኩት። ልጆቹ በኅብረት ሲያነቡ ጣሪያው ይነቀነቃል። አንዷን ለብቻዋ ጠርቼ ያንኑ ገጽ ሰጠኋት። አንበለበለችው! ከዚያ መሃል ላይ አንድ ቃል ጠቁሜ «ይቺስ?» አልኳት። ዝም። ቆይታ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ በሹክሹክታ እያነበነበች እዚያ ቃል ላይ ደረሰች። ገጹን ለካ በቃሏ ነው የያዘችው።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ጥናት በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው በወሬ ነው። ሁለት ገጽ በአማርኛ ቢላክልን መለጠፊያ ቦታ አናጣም።