ሽንት ስጣት ብዬ ለመንኩት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። «ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ አስገባለሁ፤ የተደረገልኝንም ለሰው እናገራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። ጃንጥላው ታኅሣሥ 19 ገብቷል። የቀረው ይሄ ነው።

ታላቅ እህቴ ሁለተኛ ልጇን በኦፕራሲዮን ወለደች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ሳንጨርስ ደም ይፈሳት ጀመር። ዘመድ ጎረቤቱ ደም ሰጠ፤ መድማቱም ቆመ። ነገር ግን የደም ግፊቷ ለረጅም ሰዓት ወርዶ ስለነበር ኩላሊቶቿ በቂ ደም ሳያገኙ ቆይተዋል። በዚያ ላይ ኢንፌክሽን ተጨመረ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስትገባ የምትተነፍሰው በማሽን ነበር።

እዚያ ገብቼ ስጠይቃት ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው አልጋው ጎን ወደተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ነው። ነርሶቹ በየሰዓቱ አይተው ይመዘግባሉ። ባዶ። ክሪያቲኒን የሚሉት፣ ኩላሊት ማጣራት ሲያቅተው ደም ውስጥ የሚጠራቀም ቆሻሻ አለ፤ ጤነኛ ሴት ላይ 1 ገደማ የሚሆነው እሷ ላይ 7.8 ደረሰ። ደሟ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባለው ጨውም ጨመረ፤ እሱ ደግሞ ልብን ቀጥ ሊያደርግ ይችላል አሉን። ሳይውል ሳያድር የኩላሊት እጥበት ታዘዘ።

ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሳ። አክስቴ «እጥበት የገባ ሰው መቼ ወጥቶ ያውቃል? ይልቅ ጠበል እንውሰዳት» አለች። አልፈርድባትም። በየመንገዱ ገንዘብ ሲለመንላቸው የምናያቸው ኩላሊታቸው ቀስ በቀስ ተጎድቶ ያለቀ፣ በየሳምንቱ ማሽን ላይ የሚውሉ ናቸው። ዶክተሩ አስቀምጦ አስረዳን። «የእሷ ድንገተኛ ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሚተኛው ሰው ግማሽ ገደማው ኩላሊቱ ይነካል። በሽታውን ካለፉት የብዙዎቹ ኩላሊት ያገግማል። እስከዚያ ማሽኑ ሥራውን ይሠራላታል። ቃል ግን አልገባላችሁም።» አንገቷ ላይ ወፍራም ቱቦ ገባላት። አንድ ጊዜ ሲጀመር ለ4 ሰዓት ያህል ደሟ እየወጣ፣ እየታጠበ ይመለሳል።

ጠበሉም አልቀረም። እማዬ በሃይላንድ ይዛ መጣች። ለማይሸና ሰው ፈሳሽ በልክ ነው፤ ትርፉ ሳንባ ይገባል። ሲስተሯ አይታ «እማማ፣ አያጠጧት እንጂ ግንባሯን ይቀቧት» አለቻት። እማዬ ጣቷን ነክራ ግንባሯ ላይ አማተበች። እኔ መልአኩ በሲስተሯ አፍ የተናገረ ነው የመሰለኝ። የሚስቅ ይሳቅ።

ጸሎቴም ተለወጠ። መጀመሪያ «አድናት» ብቻ ነበር የምለው። ኋላ እቅጩን «ሽንት ስጣት» አልኩ። ሥዕለ አድኅኖ ፊት ቆሞ ሽንት መለመን ይከብዳል። ግን ኩላሊትን የሠራው እግዚአብሔር አይደል? ምን ያሳፍራል?

አንድ ቀን ጠዋት ሲስተሯ ከሩቅ በእጇ ጠራችኝ። ከረጢቱ ውስጥ ሻይ የመሰለ ሽንት አለ። 60 ሚሊ ሊትር! እልል ልል አፌን ከፍቼ፣ ሌሎቹን ሕሙማን ሳይ ዋጥኩት። በማግስቱ ጨመረ። ከዚያማ ማን ያቁመው፤ በቀን እስከ 4 ሊትር ወጣ። የሚያገግም ኩላሊት መጀመሪያ ላይ ውሃ መቆጠብ አይችልም አሉ፤ አሁን ደግሞ የሚወጣውን ውሃና ጨው ለመተካት ይሯሯጡ ጀመር። ቀስ እያለ ልክ ያዘ። እጥበቱ ቆመ፤ ቱቦውም ወጣ።

ሕፃኗ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ እናቷ በእግሯ ሄዳ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። ክሪያቲኒኗ አሁን 1.1 ነው። ክትትል አላት፤ ኩላሊት የሚጎዱትን የሕመም ማስታገሻዎች፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን፣ እንዳትነካ ተነግሯታል። ዶክተሩን ልናመሰግን ስንሄድ «እኔ ያዘዝኩት ማሽን ነው» ብሎ ወደ ላይ ጠቆመ።

አጠገቧ ተኝታ የነበረችው እናት ግን ኩላሊቷ አልተመለሰም፤ ዛሬም በሳምንት 3 ጊዜ ትታጠባለች። የእሷም ቤተሰብ እንደኛው ሲለምን ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም። በጸሎታችሁ አስቧት።