ለቀጠሮ የምጾመው ጾም

ስኳር እንዳለብኝ ካወቅኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ሐኪም እያታለልኩ ነው ያሳለፍኳቸው።

ዘዴዬ ቀላል ነበር። ቀጠሮዬ አራት ቀን ሲቀረው ጠላውን እተዋለሁ። ሻይ ያለ ስኳር፣ እራት አንዲት ቁራሽ። ጠዋት በባዶ ሆዴ ሄጄ ደም እሰጣለሁ። 128! «ጎበዝ» እባላለሁ። ማታውኑ ጠላ ቤት ነኝ።

አንድ ቀን አዲስ የመጣች ሐኪም ካርዴን አገላብጣ ኤችቢኤዋንሲ የሚሉትን ምርመራ አዘዘች። ይሄኛው በአራት ቀን ጾም አይሸነገልም። ስኳሩ ቀይ የደም ሴል ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ የሁለት ሦስት ወሩን አማካይ ያወጣዋል። የኔ 9.4 መጣ። ለብዙ ሰው የሚፈለገው ከ7 በታች ነው። «ጋሼ፣ ባለፈው ወር ምን ሲበሉ ነበር?» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ጫማዎን ያውልቁ።» ለስኳር መጥቼ ጫማ ምን አገባው? ዓይኔን አስጨፍና፣ በናይለን ክር እግሬን ስትነካኝ እንድነግራት አዘዘችኝ። ጠበቅኩ። ዝም። «ዶክተር፣ መቼ ነው የሚጀምሩት?» አልኳት። ለካ ቀኙን ጨርሳለች።

እኔ ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከክር ጋር ውዬ፣ ክር ሲነካኝ አላወቅኩም! ለካ ስኳሩ የእግሬን ስሜት አደንዝዞታል። ያን ቀን ነው የደነገጥኩት፤ 9.4ቱ እንኳ እንዲያ አላስደነገጠኝም።

በየማታው እግሬን፣ ጣቶቼ መካከል ሳይቀር፣ እንዳይ ነገረችኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ካልሲዬ ላይ ደም አየሁ። ሱቄ ውስጥ የወደቀች ስፒል የጫማዬን ሶል በስታ ገብታ ኖሯል። ስንት ሰዓት እንደረገጥኳት እንጃ። ጠዋት ሮጬ ታጠበልኝ፣ ዳነ። ባላየው ኖሮ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ነበር የምሰማው። ከተራ ዕለት ታቦት ስናጅብ በባዶ እግሬ እሄድ የነበርኩት ሰውዬ ዘንድሮ በጫማ ነው ፋሲል መዋኛ የወረድኩት።

ኤችቢኤዋንሲውን እስኪስተካከል በየሦስት ወሩ፣ አሁን በየስድስት ወሩ እሰጣለሁ። የዓይን፣ የእግርና የኩላሊት ምርመራ በዓመት አንዴ ነው። ቀኑ እንዳይጠፋብኝ የካቲት ላይ አደረግኩት፤ የጥምቀት እንግዳ ይሄዳል፣ የልብሱም ሥራ ይቀዘቅዛል። ለኩላሊት ደምም ሽንትም ይወሰዳል፤ ኩላሊት ሲጎዳ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መታየት የሚጀምረው ሰውየው ምንም ሳይሰማው ነው። የላብራቶሪው ኬሚካል አልቆ በባዶ ሆዴ የተመለስኩበት ጊዜ ስላለ፣ አሁን ሳልደውል አልሄድም።

የዓይኑን ግን ስከራከር ነበር። መርፌ ላይ ክር ያለ መነጽር እሰካለሁ እኮ! ሐኪሟ እንዳለችው ዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲጎዱ፣ መጀመሪያ ላይ እይታ አይለወጥም። ጠብታ ጨምረው አዩኝ፤ ደህና ነኝ። ጠብታው ለሰዓታት እንደሚያደበዝዝ ተነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁም። ቀጥታ ሱቄ ገብቼ የአንድ ደንበኛዬን ሱሪ አንዱን እግር በአራት ጣት አሳጠርኩት። ከፈልኩ። አሁን ለዓይን ስሄድ ባለቤቴ አብራኝ ትመጣለች፣ በባጃጅ ቀጥታ ቤት።

ያለፈው ውጤቴ 7.3 ነበር። ጠላውን ጨርሼ አልተውኩትም፤ በዓል ሲሆን አንድ ጣሳ እቀምሳለሁ። ለሐኪሟም ነግሬያታለሁ።