ሰርቨሩ ላይ የኔትወርክ ካርድ ሲዘገይ፦ ችግሩን ስፈልግ የተማርኩት

በፍሪቢኤስዲ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ አንድ የፋይል ሰርቨር ባለ 1 ጊጋቢት የኔትወርክ ካርድ እያለው ትልልቅ ፋይሎችን በሰከንድ ከጥቂት ሜጋባይት በላይ አላስተላልፍ ብሎ ነበር። ፒንግ ሲደረግ ግን መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ የጠፋ ፓኬትም አይታይም።

በቅድሚያ የዲስኩን ፍጥነት ከኔትወርኩ ፍጥነት መለየት ያስፈልጋል። ፋይል እየቀዱ መለካት ሁለቱን ስለሚያቀላቅል፣ ዲስክ ሳይነካ ከራም ወደ ራም የሚልከውን የኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም አይፐርፍ3 ተጠቀምኩ። ጤናማ የ1 ጊጋቢት መስመር፣ ኤምቲዩው (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) የተለመደው 1500 ባይት ከሆነ፣ በቲሲፒ (የጠፋውን መረጃ መልሶ በሚልከው ፕሮቶኮል) ወደ 940 ሜጋቢት በሰከንድ ይሰጣል። ልኬቱን በሁለቱም አቅጣጫ ማድረግ ሊታለፍ አይገባም እላለሁ፤ በዚህ ሰርቨር ላይ ውጤቱ በሁለቱም በኩል ዝቅተኛ ቢሆንም በአንደኛው አቅጣጫ እጅግ የባሰ ነበር፣ ፍለጋዬንም ወደ ትክክለኛው ቦታ የመራኝ ይህ ልዩነት ነው።

የካርዱን ሁኔታ የሚያሳየው ትእዛዝ፣ አይኤፍኮንፊግ፣ ግንኙነቱን 100 ሜጋቢት፣ ሃፍ ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ አንድ ወገን ብቻ የሚልክበት) ብሎ አሳየ (በሊኑክስ ይህንኑ ኢትቱል ይነግረናል)። የኔትወርክ ቆጠራዎችን በሚያሳየው ኔትስታት የግጭት ዓምድ ላይ ያለው ቁጥርም ፋይል በተላከ ቁጥር ይጨምር ነበር። ሰርቨሩ በተሰካበት ስዊች በኩል ደግሞ ፖርቱ በእጅ 100 ሜጋቢት፣ ፉል ዱፕሌክስ (ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚልኩበት) ተብሎ ተቆልፏል፤ የሲአርሲ ስህተቶችም (ተበላሽተው የደረሱ ፍሬሞች፣ ማለትም የመረጃ ጥቅሎች) ተከማችተውበታል።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንዱ ወገን ሲቆለፍ በፍጥነትና በዱፕሌክስ የሚስማሙበትን የድርድር መልእክት መላክ ያቆማል። በአውቶ (በራሱ እንዲደራደር) ላይ ያለው ሌላው ወገን ከሚመጣው ምልክት ፍጥነቱን መለየት ቢችልም ዱፕሌክሱን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ በኢተርኔት ደረጃው መሠረት ሃፍ ዱፕሌክስን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ስዊቹ ባሻው ጊዜ ይልካል፤ ሰርቨሩ ግን በሚልክበት ሰዓት ሌላ ምልክት ከደረሰው ግጭት ነው ብሎ ፍሬሙን መሃል ላይ ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠው ፍሬም ስዊቹ ጋ ሲደርስ የሲአርሲ ስህተት ሆኖ ይቆጠራል። በመጀመሪያዎቹ 64 ባይት ውስጥ የተፈጠረን ግጭት ካርዱ ራሱ ደግሞ በመላክ ያስተካክለዋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን ይተወዋል፣ የጠፋውን መልሶ የመላኩ ሥራም በቲሲፒ ላይ ይወድቃል። ቲሲፒም የፓኬት መጥፋትን እንደ መጨናነቅ ስለሚቆጥር ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፒንግ ትንሽ ፓኬት ልኮ መልስ የሚጠብቅ በመሆኑ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጊዜ የሚናገሩበት አጋጣሚ እምብዛም አይፈጠርም፤ ስለዚህም ጉዳቱን አያሳይም።

ሁለቱንም ወገን ወደ አውቶ መለስኩ። በመዳብ ኬብል የሚሠራ ጊጋቢት ድርድርን የግድ ስለሚፈልግ፣ ሁለቱንም በእጅ መቆለፍን እንደ መፍትሔ አላየውም። ግጭቱ ወዲያው ቆመ፤ ዱፕሌክሱም ፉል ሆነ፤ ፍጥነቱ ግን ከ100 አላለፈም። 100 ሜጋቢት ከኬብሉ አራት ጥንድ ሽቦዎች ሁለቱ ይበቁታል፣ ጊጋቢት ግን አራቱንም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ኬብሉን ለወጥኩት፣ ግንኙነቱም ወደ 1000 ወጣ። ፖርቱ መጀመሪያውኑ የተቆለፈው በዚሁ ኬብል ምክንያት ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ።

ለእንዲህ ዓይነት ችግር በብዛት የሚሰጠው ምክር የቲሲፒ ባፈሮችን (መረጃ ለጊዜው የሚቆይባቸውን የራም ቦታዎች) ማሳደግና ቲኤስኦን (መረጃን ወደ ፓኬቶች የመቁረጡን ሥራ ለካርዱ የሚሰጠውን ቅንብር) ማጥፋት ነው። ባፈሩን በተመለከተ ስሌቱ ግልጽ ነው፤ የሚያስፈልገው መጠን ፍጥነቱ በመዘግየቱ ሲባዛ የሚገኘው ነው፦ 1 ጊጋቢት በሰከንድ ሲባዛ በ1 ሚሊሰከንድ 125 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ይሆናል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ላሉ ማሽኖች ነባሩ ቅንብር ይበቃል፤ ትልቅ ባፈር የሚጠቅመው መዘግየቱ በአሥር ሚሊሰከንዶች በሚቆጠር ሩቅ መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አልነካኋቸውም።

አሁን አይፐርፍ3 በሁለቱም አቅጣጫ ወደ 940 ያሳያል፤ የግጭት ቁጥሩም ባለበት ቆሟል። ፋይል ሲቀዳ የሚቀረው ልዩነት ከዲስኩ የሚመጣ በመሆኑ እርሱን ለብቻው እየለካሁ ነው።