ጣልያን ያሸነፈበት ዓድዋ

2017 ዓ.ም. በጦርነት አለፈ። እኔ ቤት ማለቴ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳታስቡ።

የጦር ታሪክ ወዳጅ ነኝ። ሰው ማታ ኳስ ያያል፤ እኔ የድሮ ዘመቻ ካርታ ዘርግቼ «እዚህ ጋ ፈረሰኛውን ቢያዞረው ኖሮ» እያልኩ አመሻለሁ። እንደኔው የነካቸው ሦስት ጓደኞች አሉኝ። ካርታ እንዘረጋለን፣ ሠራዊት እንደረድራለን፣ ዳይስ እንወረውራለን፣ እንጣላለን። ለጨዋታው የዛሬ መልኩን የሰጠው ፎን ራይስቪትስ የሚባል የፕሩሺያ መኮንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ለሠራዊቱ አለቆች ቢያሳያቸው ወደዱትና መኮንኖች እንዲሠለጥኑበት አደረጉ። እኛም አገር የራሳችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ ነበረን። የድሮው ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ የለም። አንዱ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እጃቸው እንደቻለ ያንቀሳቅሳሉ። ይኼ ክፍል «ወረራ» ይባላል። ጠዋት አያት ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ባስረዳት «እና ከሳሎን መቼ ነው የሚነሳው?» አለችኝ።

ቤታችን ከአያት አልፎ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኅዳር ላይ አምባላጌን ተጫወትን። ተራራ ስለሌለን የብሎኩን ደረጃ ተራራ አደረግነው። በ1888 ኅዳር 28 የጣልያኑን ሻለቃ ቶሴሊን ከአምባው ያወረደው የራስ መኮንን ጦር ነው። የእኛን ቶሴሊ ያወረዱት የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ናቸው። በመጥረጊያ።

ጥር ላይ መቀሌ ሆነ። ምሽጉ ውስጥ የተከበበውን የጣልያን አዛዥ ጋሊያኖን የምጫወተው እኔ ነበርኩ። እቴጌ ጣይቱ የምሽጉን የውኃ ምንጭ አስይዘው እንዴት እንዳንበረከኩት ታውቃላችሁ። ጨዋታው ሳያልቅ የሰፈሩ ውኃ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ጀሪካን ይዤ አራተኛ ፎቅ በወጣሁ ቁጥር ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «አሁንስ እጅ አትሰጥም?» ትለኛለች።

ዋናው ግን ዓድዋ ነበር። የካቲት 23 እሁድ ዋለ። የ1888ቱም እሁድ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ይፈለጋል?

አንድ ፍሬ በመቶ ሰው ሒሳብ ተስማማን። ጣልያን ወደ 17,700 ወታደርና 56 መድፍ ነበረው። ስለዚህ 177 ቦሎቄ፣ መድፉ ደግሞ የክብሪት እንጨት። የምኒልክ ጦር ወደ 100,000 ይገመታል። አንድ ሺህ ሽምብራ ማለት ነው። አንድ ሺህ ሽምብራ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ስልክ ከጠራ አለቀላችሁ፣ እንደገና ከአንድ ነው። የራስ አሉላን ጦር በሰማያዊ እስክሪብቶ ነጥብ ነጥብ አደረግኩበት። የእቴጌን ጦር በቀይ ጥፍር ቀለም። ቀለሙ የባለቤቴ ነው፣ እስካሁን አታውቅም።

ጣልያኖቹ ጓደኞቼ ናቸው። እያንዳንዱ ጄኔራል ብርጌዱን በፌስታል ይዞ ይመጣል። አሪሞንዲ በጊዜ ደረሰ። ዳቦርሚዳም መጣ። አራተኛው ኤሌና ተጠባባቂ ስለነበር ቦሎቄው መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። አልቤርቶኔ የለም።

ደወለ። «ብሎክ 17 ደርሻለሁ። አራተኛ ፎቅ ባንኳኳ አንዲት ሴትዮ ወጥተው ማንን ነው ይሉኛል።»

የስልኩ ካርታ ወደ ሌላኛው ፕሮጀክት ወስዶታል። እዚያም ብሎክ 17 አለ። እኛን በራፍ አልፎ ሰው ቢጠይቅ «ብሎክ 17? ወደፊት ነው» ብለውታል።

ታሪኩን የምታውቁ አሁን ራሳችሁን ይዛችኋል። የጣልያኖቹ ዋና አዛዥ ባራቲዬሪ በሰጠው ካርታ ላይ ኪዳነ ምሕረት የተባለው ኮረብታ ሌላ ነበር። መንገድ መሪዎቹ ለአልቤርቶኔ እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ወደፊት ነው አሉት። በሌሊት ገሰገሰና ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር አፍ ገባ።

ዳቦርሚዳ «እኔ ላምጣው» ብሎ ባጃጅ ያዘ። ትንሽ ቆይቼ ደወልኩለት።

«የት ነህ?»

«ማርያም።»

«የቷ ማርያም?»

«እኔ እንጃ፣ ባጃጁ ማርያም ነው የጣለኝ።»

እውነተኛው ዳቦርሚዳም አልቤርቶኔን እንዲደግፍ ተልኮ መንገድ ስቶ የገባው ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ነው። ፈጥሮ ነው የሚለኝ ካለ ባለባጃጁን ይጠይቅ።

በዚህ መሀል አልቤርቶኔ ተማረከ። ስልክ ላይ ጮክ ብሎ «ብርጌዱ በሙሉ እኔ እጅ ነው፣ ዳቦርሚዳ ካልደረሰልኝ ማለቄ ነው» ሲል የብሎኩ ጥበቃ ሰሙት። እኔና አሪሞንዲ ሮጠን ስንደርስ ፌስታሉን ከፍተው ቦሎቄውን በጣታቸው እየገላበጡ ነው።

«ጦሩ ይሄ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ዳቦርሚዳ የሚባለውስ ስንተኛ ፎቅ ነው?»

ለማስረዳት ከዓድዋ ጀመርኩ። ከውጫሌ ውል መጀመር ነበረበት፣ ሰውየው አዋቂ ናቸው፣ አንቀጽ 17ን ራሳቸው አነሱብኝ። ኋላማ አልቤርቶኔን ትተው እኔን ያዙኝ፣ ስለ ፊታውራሪ ገበየሁ ሲያወሩልኝ ሰዓቱ ሄደ።

ቤት ስንመለስ ደረጃው ላይ የቡና ሽታ ተቀበለን። ከቡናው ጋር ሌላ ሽታ አለ። አማቴ ከጊዮርጊስ መጥተዋል። ምንጣፉ ንጹሕ ነው። አንድ ሽምብራ የለም።

«እማማ፣ እዚህ የነበረው ሽምብራ?»

«በጾም እንዲህ እህል መሬት ይበተናል ልጄ? ለቅሜ ቆላሁት። የነቀዙ ነበሩ፣ እነሱን ጣልኳቸው።»

ራስ አሉላ ነቅዟል ተብሎ ተጣለ። እቴጌም አብረው ሄዱ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ራስ ሚካኤል፣ ራስ መንገሻ ትሪ ላይ ናቸው፣ ትኩስ፣ ትንሽ ጨው ነካ ተደርጎባቸው።

አልቤርቶኔ ሊያዝን ይገባው ነበር። እሱ ግን ፌስታሉን ከፍቶ ቦሎቄውን አንድ በአንድ ምንጣፉ ላይ ደረደረና «ሜዳው ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ አሸንፌያለሁ» አለ። አሪሞንዲ ደንቡን አገላብጦ ልክ ነው አለው። እኔ በደሜ ተነሳሁ።

«ታሪኩም እኮ እንደዚያው ነው» ይለኛል አልቤርቶኔ። «ሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀበት ነበር። ስንቅ ያለቀበት ሜዳውን ይለቃል።»

«እኔ ስንቅ አላለቀብኝም! እኔ ነኝ ስንቅ የሆንኩት!»

ይህን እየተከራከርን ጣልያኖቹ ሠራዊቴን በጭብጥ በጭብጥ እያነሱ ይቆረጥማሉ። ዳቦርሚዳ ዘግይቶ ቢደርስም ከሁሉም በላይ በላ።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙም አያስወራም። ሰኔ ላይ ዋተርሉን ልንጫወት ነበር። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1815 ያን ቀን መሬቱ ጠጠር እስኪል ብሎ ማጥቃቱን ያዘገየው በጭቃ ምክንያት ነው። እኛም ጭቃ ያዘን። ዋናው አስፋልት ላይ ባጃጆቹ «ወደ ውስጥ አንገባም» አሉ። ናፖሊዮን የጠበቀው እስከ ረፋድ ነው፣ የእኛ ሰፈር ጭቃ የሚደርቀው መስከረም ነው።

ለ2018 መቅደላን አስበናል። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር እ.ኤ.አ. በ1868 ከህንድ 44 ዝሆኖች አምጥቶ ከባዱን መድፍ አሸክሟቸው ነበር። እኔም ዝሆኖቹን ከድንች ልቀርጻቸው ማሰቤን ቡና ላይ አወራሁ። አማቴ ሲኒያቸውን አስቀምጠው በጥሞና ሰሙኝ።

«ድንቹን ስትገዛ» አሉኝ «ካሮትም ጨምር።»