ግንቦት ልደታን አለፍን፦ የእርግዝና ደብተሬ እስካሁን

እርጉዝ ሴት መካሪ አታጣም። ይህን አትብዪ፣ ያን አታንሺ፣ በዚያ አትለፊ፤ የሚነገረን አብዛኛው የሚያስፈራው ነው። ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ እኔም በጥቅምትና በኅዳር ማቅለሽለሹ ጠምዶ ሲይዘኝ ጆሮዬ የሚሰማው ይኸው ብቻ ነበር። ስለዚህ አንድ ደብተር ገዛሁና ደስ የሚለውን ብቻ መጻፍ ጀመርኩ። ምን መቼ ይመጣል? ሲደርስስ ምን ይመስላል? አሁን ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ገና ለጀመራችሁ እህቶች እስካሁን የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት ቀኑን ማወቅ ራሱ ደስታ ነው። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ተነሥቶ 280 ቀን ወይም 40 ሳምንት ይቆጠራል። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ለእኛ ይቀላል፤ 9 ወር ከ10 ቀን ነው። የእኔ መስከረም 20 ነበር፤ ዘጠኝ ወር ሲቆጠር ሰኔ 20፣ ዐሥር ቀን ሲጨመርበት ሰኔ 30። መሀል ላይ ጳጉሜን ከገባች ቀኖቿን ከዐሥሩ ላይ ትቀንሳላችሁ፤ ጥር 10 ያየች ሴት ጥቅምት 15 ገደማ ትጠብቃለች። ይህ የወር አበባዋ ለማይዛባ ሴት ነው፤ ለሚዛባባት በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚነሣው አልትራሳውንድ የተሻለ ይነግራታል። ደግሞም ልጅ በቀጠሮ አይመጣም። አንድ ሁለት ሳምንት ቢቀድም ወይም ትንሽ ቢዘገይ ያለ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል እንዲደረግ ይመክራል፤ የመጀመሪያው በ12 ሳምንት ውስጥ። እኔ እነዚህን ቀጠሮዎች እንደ በዓል ነው የምጠብቃቸው፤ እያንዳንዱ አዲስ ነገር ይዞ ስለሚመጣ።

በታኅሣሥ ያገኘሁት የልብ ምቱን ነው። በአልትራሳውንድ ከ6ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ሊታይ ይችላል፤ ሆድ ላይ በሚደረገው የልብ ምት ማሰሚያ መሣሪያ፣ በዶፕለር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ድረስ መጠበቅ ግድ ነው። አዋላጇ ጄሉን ቀብታ መሣሪያውን ከእምብርቴ በታች ወዲያ ወዲህ ስታደርግ መጀመሪያ የሚሰማው ሹሹታ ብቻ ነበር። አንዴ ዝግ ያለ ምት ተሰማና ልቤ ቀጥ አለ። «ይሄ የአንቺው ነው፤ ቆይ» አለችኝ። ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ተጫነችና እጇን አቆመች። የሚጋልብ ፈረስ ኮቴ! የፅንስ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ ይመታል፤ ከእኛ ልብ ጋር ሲነጻጸር ወደ እጥፍ ይጠጋል። ባለቤቴ በስልኩ ቀዳውና ማታ ዘጌ ላለችው እናቴ ደውሎ አሰማት። እናቴ ምንም ሳትል እልልታዋን አቀለጠችው።

ገና ሲደርስ ማቅለሽለሹ ለቀቀኝ። ብዙ ሴቶችን ከ12 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ እየተወ ይሄዳል። የአሣ ሽታ ከሩቅ ሲመጣ ፊቴን የማዞር ሰው በበዓሉ ማግሥት የተጠበሰ ቀረሶ አማረኝ ብዬ ጠየቅሁ፤ ቤቱ ሁሉ ተደሰተ።

እንቅስቃሴው ለብቻው ገጽ ይገባዋል። ለመጀመሪያ እርግዝና ከ18 እስከ 20 ሳምንት፣ ቀድማ ለወለደች ደግሞ ከ16 ጀምሮ ሊሰማት ይችላል። በየካቲት አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ጣና ዳር፣ ዘንባባው ሥር ተቀምጬ ታንኳ የሚቀዝፉትን እያየሁ ነበር። ከእምብርቴ በታች አንድ ነገር ውልብ አለ። የሆድ ንፋስ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ደገመኝ፤ እዚያው ቦታ ላይ። እጄን አስቀምጬ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ከውጭ ምንም አይታወቅም። ለባለቤቴ ከውጭ እስኪሰማው ድረስ ደግሞ ሌላ ጥቂት ሳምንት ፈጀ፤ ማታ በጎኔ ተኝቼ እጁን ስቤ ያዝ አድርጌ ስጠብቅ አንዴ ረገጠው። ከዚያ ወዲህ ልጁን እያዋራው ነው። ልክ ነው፤ በስድስተኛውና በሰባተኛው ወር ፅንስ ድምፅ ይሰማል።

በዚያው ሰሞን ሌላ ደስ ያለኝ ነገር ልኬቱ ነው። በ20ኛው ሳምንት የማሕፀን የላይኛው ጫፍ እምብርት ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ አዋላጇ በሜትር ስትለካው ሴንቲሜትሩ ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባል፤ ካርዴ ላይ ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ያን ጊዜ የምወስደውን የአይረንና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ከቡናና ከሻይ እንዳርቀው ነግራኛለች፤ ቡና አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል። የዘጌ ቡና ለለመደች ሴት ይህ ቀላል አይደለም፤ ግን ኪኒኑን ማታ ስተኛ አድርጌዋለሁ። አጎበሬንም አልረሳም፤ የእኛ አገር ወባ ለእርጉዝ ሴት አታዝንም።

በ28ኛው ሳምንት ገደማ ፅንሱ ዓይኑን መግለጥ ይጀምራል። እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ስቅታው ነው። ርግጫው እዚህም እዚያም ነው፤ ስቅታው ግን አንድ ቦታ ላይ ልክ ልኩን እየጠበቀ ጥቂት ደቂቃ ትር ትር ይላል። አሁን አውቀዋለሁ። የልጁን አመል ማወቅ ለጤናም ይጠቅማል፤ እንቅስቃሴው ከለመዳችሁት ከቀነሰ ወይም ከጠፋ ነገን ሳትጠብቁ ሂዱ። ደም ከታየ፣ ራስ በኃይል ካመመ ወይም ዓይን ከደበዘዘም እንደዚሁ።

ያለፈው የግንቦት ልደታ ደግሞ ደብተሬ ላይ ያልነበረ ደስታ ነው። እመቤታችን ሊባኖስ ተራራ ላይ ተወለደች ስለሚባል በየዓመቱ ደጅ ወጥተን እንበላለን፤ ዘንድሮም የመንደሩ ሴቶች ደጃችን ላይ ቄጠማ ጎዝጉዘው ስንዴውን፣ ባቄላውን፣ ሽምብራውን ቀቅለው ወጡ። ከሁሉም የሚያንሰውን መቀመጫ ልይዝ ስል እማማ፣ የሰፈሩ አዛውንት፣ «አንቺማ ዛሬ ባለ በዓሏ ነሽ» ብለው መሀል አስቀመጡኝ። ንፍሮውን በሁለት እጃቸው ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉልኝና «ማርያም በሽልም ታውጣሽ፤ ለከርሞ ታቅፈሽው ነይ» አሉ። አሜን ያላለ የለም። እኔም ተሳልኩ፤ ለከርሞ የልደታ ዳቦው ከእኔ ቤት ነው። ያኔ ልጄ ዐሥር ወር ይሆነዋል፤ ወንበር ይዞ ይቆም ይሆናል።

ከፊቴ ያለው ገና ብዙ ነው። 36ኛው ሳምንት ላይ የልጁ ራስ ወደ ታች መሆኑን አዋላጇ በእጇ ታየዋለች። ብዙ የበኩር እናቶች ከመውለዳቸው ጥቂት ሳምንት ቀድሞ ልጁ ወደ ታች ስለሚወርድ ትንፋሻቸው ይቀላል፤ ቃርም ይቀንሳል። እንቅልፍ ለነሳኝ ለእኔ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። የልጁን ልብሶች አጥቤ አጣጥፌያለሁ። ማታ ምጥ ቢመጣ የሚወስደን ባለ ባጃጅም ስልኩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እናቴ የመውለጃ ወሬ ሲገባ የገንፎውን ገብስ አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ በጀልባ ትመጣለች፤ ከአሁኑ ጎረቤቶቿን ተሰናብታ ጨርሳለች አሉ።

ሁለተኛ ሦስተኛ ልጅ የያዛችሁ እህቶች ካላችሁ፣ ከ32ኛው ሳምንት ወዲህ ይበልጥ የናፈቃችሁት ምን እንደነበር ጻፉልኝ፤ ደብተሩ ላይ ቦታ አለኝ።