ጀልባ ላይ በናፍጣ ምድጃ

ሲያትል ውስጥ ጀልባ ላይ እንደምኖር የሰማ አበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አይበርድህም ወይ?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ምግብስ በምን ትሠራለህ?» ይመጣል። የሁለቱም መልስ አንድ ነው፤ በናፍጣ የሚነድ ምድጃ አለኝ። ክፍሉን የሚያሞቀውም ወጡን የሚያበስለውም እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ ይኸው ዘርዘር አድርጌ ልጻፍላችሁ።

የሲያትል ክረምት ብዙ በረዶ የለውም። ለወራት ደመና ነው፣ ዝናቡ ያካፋል፣ ቅዝቃዜው ያን ያህል አይከፋም። ጀልባ ላይ የሚያስመርረው እርጥበቱ ነው። መስኮቱ ውሃ ያወርዳል፣ ፍራሹ ከሥሩ ይሻግታል፣ ልብስ አይደርቅም። በቡታጋዝ ማብሰል ደግሞ ይህን ያባብሰዋል፤ አንድ ኪሎ ፕሮፔን (የሲሊንደሩ ጋዝ) ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ክፍሉ ውስጥ ይለቃል። የናፍጣ ምድጃ ግን ጭስ ማውጫ ስላለው የሚቃጠለው ነገር እንፋሎትም ጭስም ወደ ውጭ ይወጣል፣ ውስጥ የሚቀረው ደረቅ ሙቀት ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወደ ጀልባው ሆድ ይወርዳል፤ ጀልባ ደግሞ ከታች መውጫ የለውም፣ ስለዚህ እዚያው ይጠራቀማል። ከዚያ በኋላ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ እሳት የሚይዝ ተን አያወጣም። ተኝቼ ስለማድርበት ቤት ስለሆነ የማወራው፣ ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከምድጃው ከፍ ብሎ ትንሽ ታንክ ይሰቀላል፣ ናፍጣው በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ አንድ ቫልቭ መጠኑን ይቆጣጠራል። ምድጃው ውስጥ ዙሪያውን የተበሳሳ የብረት ማሰሮ አለ። ናፍጣው እዚያ ግርጌ ላይ ይንጠባጠባል፣ ብረቱ ሲግል ይተናል፣ በቀዳዳዎቹ ከሚገባው አየር ጋር ተቀላቅሎ ይነድዳል። ስትለኩሱት ቫልቩን ትከፍታላችሁ፣ ግርጌው ላይ የሳንቲም ያህል ናፍጣ እስኪታይ ትጠብቃላችሁ፣ የተቀደደ ወረቀት አቀጣጥላችሁ ትጥላላችሁ። መጀመሪያ ነበልባሉ ቢጫና ሰነፍ ነው፣ ያጨሳል። እያደር ብረቱ ሲግል ይጠራል፣ ወደ ላይ ይቆማል፣ ድምፁም ይለወጣል። ያኔ ነው ነዳጁን የምትጨምሩት፣ ቀድሞ መጨመር ጥላሸት መጥራት ነው።

እዚህ ከተማ ይህ ምድጃ አዲስ ነገር አይደለም። ፊሸርመንስ ተርሚናል የሚባለው ወደብ በፈረንጆቹ ከ1914 ጀምሮ የዓሣ አጥማጆች መናኸሪያ ነው፤ ከዚያ ተነስተው አላስካ የሚሄዱት ጀልባዎች ብዙዎቹ ወጥ ቤታቸው ውስጥ አንድ ትልቅ የናፍጣ ምድጃ አላቸው። በባሕር ላይ እሳቱ ሌሊትም አይጠፋም። ላዩ ላይ ዙሪያውን የብረት አጥር አለው፣ ጀልባው ሲንገላታ ድስት እንዳይንሸራተት። እርጥብ ጓንትና ካልሲም እላዩ ላይ ይሰቀላል።

አሁን ወደ ምግቡ። ይህ ምድጃ ለሚቸኩል ሰው አይሆንም፤ ከተለኮሰ በኋላ ሻይ እስኪፈላ ግማሽ ሰዓትም በላይም ሊወስድ ይችላል። ለኛ ወጥ ግን የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ከማሰሮው በላይ ያለው የምድጃው ላይኛ ብረት በጣም ይግላል፣ ዳሩ ደግሞ ለስለስ ያለ ነው፣ ስለዚህ እሳት ከመቀነስ ይልቅ ድስቱን ገፋ ማድረግ ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት መሃል ላይ አቁላላለሁ፣ ውሃው ሲያልቅ ወደ ዳር አወጣዋለሁ፣ ዘይትና ከሬይነር ጎዳና የገዛሁትን በርበሬ ጨምሬ እተወዋለሁ። አያርም፣ ቀስ እያለ ዘይቱን እስኪተፋ ይንተከተካል። ሽሮም እንደዚያው። ቡናዬ ጀበናው ውስጥ ዳር ላይ ተቀምጦ ጠዋቱን ሙሉ ትኩስ ነው። በዝቅተኛ እሳት ቀንና ሌሊት ሲነድ አምስት ሊትር አካባቢ ናፍጣ ይበላል፤ ለምግብና ለሙቀት ለየብቻ ከመክፈል ይሻለኛል።

ይሄን ሁሉ የሚወስነው ግን ጭስ ማውጫው ነው። ሰው ምድጃውን ሲመርጥ ይከርማል፣ ቧንቧውን ግን ቦታ እንዳይዝ ብሎ ያሳጥረዋል፣ ያጣምመዋል። አይሆንም። ይህ ምድጃ ሕይወቱ የሚስበው አየር ነው። ቧንቧው ቢያንስ ከአንድ ሜትር በላይ ቁመት ይኑረው፣ በተቻለ መጠን ቀጥ ይበል። አጭር ከሆነ ሙቅ አየሩ አይስብም፣ ነበልባሉ ይቀዘቅዛል፣ ጥላሸቱ የጎረቤታችሁን ነጭ ጀልባ ሳይቀር ያጠቁራል። በሸራ ስትጓዙ ደግሞ ከሸራው ወደ ታች የሚመለስ ነፋስ አለ፤ ቧንቧው አፍ ላይ ከገባ ጭሱን ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። ለዚህ ነፋስ የሚመክት ቆብ አለ፣ የማይበቃ ከሆነ ትንሽ ፋን ይገጠምለታል። አየር የሚገባበት ቀዳዳም ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፤ ሁሉን ዘግቶ ማንደድ አደጋ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ገዳይ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። ይህ ጋዝ ሲኖር የሚጮኸው መሣሪያ መኝታችሁ አጠገብ ሳይኖር አንድም ሌሊት አታንድዱት።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልንገራችሁ። እሳቱ በነፋስ ከጠፋ፣ ማሰሮው እንደጋለ ናፍጣ ጨምራችሁ መልሳችሁ አትለኩሱ። የጋለው ብረት ናፍጣውን ወዲያው ያተነዋል፣ ክብሪት ስታስገቡ ባንዴ ይፈነዳል። ቫልቩን ዝጉ፣ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ የተጠራቀመውን ናፍጣ በጨርቅ አውጡ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ጀምሩ።

በበጋ አይመከርም፣ ክፍሉ ምጣድ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ በአልኮል በሚሠራ ትንሽ ምድጃ እሠራለሁ፣ ትልቁንም ያኔ ፈትቼ አጸዳዋለሁ።

አዲሱ ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው ያገለገለ ነው የሚፈልገው። ልትገዙ ከሄዳችሁ የእጅ ባትሪ ያዙና የማሰሮውን ግርጌ እዩ። ከሳሳ ወይም ከተሰነጠቀ ተዉት። ቫልቩ ተጣብቆ ካገኛችሁት ግን አትሽሹ፤ ብዙ ጊዜ የደረቀ ናፍጣ ነው፣ ተፈትቶ ይጸዳል፣ ለዋጋ መቀነሻም ይጠቅማችኋል።